ያልቀበርኩት ሰያፍ ፊደል

ይህን ነገር እስካሁን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። መስጊድ አብሮኝ ለሚሰግደው ጎረቤቴ አልነገርኩትም። ከሁሉ በፊት ልታውቀው ለሚገባት ለልጄ ለረውዳ አልነገርኳትም። አላህማ ሳልነግረውም ያውቀዋል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ አፉ ካላለ ከትከሻ አይወርድም። እኔ የተሸከምኩት የሰው ሐቅ ነው፤ ያውም የልጄን። ለእናንተ ቀድሜ የምናገረው ምላሴ ቃሉን እንዲለምደው ነው። ፈሪ ነኝ። ከዚሁ ልጀምር።

እንድሪስ እባላለሁ። መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የታፔላ ሥራ አለኝ። የሱቁን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የወፍጮውን፣ የትምህርት ቤቱን ስም በቆርቆሮ ላይ በቀለም ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ፊደል መሳል ማንም አላሳየኝም፤ በመንገዱ ከሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጎን፣ ከስኳር ጆንያ፣ ከቀለም ጣሳ ላይ እያየሁ በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጥኩ ራሴን አስተማርኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት። ያወቃትን ነገር በብዙ ድካም ስላገኛት ከእሷ ወዲያ እውቀት ያለ አይመስለውም። ለእኔ ፊደል ማለት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ራሱ የደለበ፣ እግሩ መሬት የረገጠ ነበር። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው። ቀጥ በሉ እላለሁ፤ አትዋሹ፤ የሰው አማና፣ የሰው አደራ አትብሉ። አማና ስል ድምፄ ከፍ ይላል። ሰፈሩ ያውቀዋል።

ረውዳ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ከቀለም ጣሳ መሐል ነው ያደገችው። ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይዛ መጣች፤ በሱቁ ጥግ አስቀመጥንላት። ከዚያ በኋላ ያ ጥግ የእሷ ሆነ። ፊደል ትሠራ ጀመር። በቀለም አይደለም፤ ተለክቶ፣ ተቀርጾ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችል ፊደል። በማተሚያ ቤት ቋንቋ ሰያፍ ይሉታል፤ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ማለት ነው። የእሷ ፊደል ራሱ አይደልብም፣ እግሩ አያብጥም። ከላይ እስከ ታች መስመሩ አንድ ውፍረት ነው፤ ጫፉ በስለት እንደተቆረጠ ንጹሕ ነው። ነፋስ ከኋላው ገፋ እንዳደረገው ማሽላ ሁሉም በአንድ ልክ ዘመም ብለው ይሰለፋሉ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን ያልኩትን አስታውሳለሁ።

«ምነው፣ ሰክሯል እንዴ ይሄ?»

ሳቀች። ልጄ ስትቆጣ እንኳን መጀመሪያ ትስቃለች።

«አልሰከረም አባ። እየሄደ ነው።»

እየሄደ ነው። አሁን ሳስበው ከዚህ የተሻለ ማንም ሊገልጸው አይችልም። ያን ቀን ግን ፊቴን አዙሬ ቆርቆሮዬን መፋቅ ያዝኩ። እሷ ግን እንደሚሰማ ሰው ቆጥራኝ ታስረዳኝ ነበር። ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ማጋደል ብቻውን ሰያፍ አያደርገውም አለችኝ። ሲገፋ ክቡ ይጨፈለቃል፤ የመ ሁለት ሆዶች አንዱ ያብጣል፣ አንዱ ይሟሽሻል፤ በአንድ እግሩ የቆመው ቀ ሊወድቅ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን እንደገና በዓይን መመዘንና መሳል አለብኝ አለች። ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ እሷ እዚያ ጥግ ላይ ተጎንብሳ አንዲት እግር ስታሳጥር፣ አንዲት ቀለበት ስታሰፋ ትውላለች። እኔ ይህን ሁሉ ልፋት አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ የማመልጥበት መንገድ የለኝም።

ቀስ በቀስ ሰው ወደዳት። የመድኃኒት ቤቱ ስም ረጅም፣ በሩ ጠባብ ነበር፤ በእኔ ፊደል ሁለት መስመር ሆኖ አልገባ ያለው በእሷ ፊደል በአንድ መስመር ገባ። ትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሲያሠራ ጽሑፉን በተለመደው ፊደል፣ የተማሪውን ስም በሰያፍ አደረገችው፤ ስሙ ከመሐል ብቅ ብሎ ሰው የጠራው ያህል ይታያል። ባጃጆቹማ ተጋፉላት። አንድ ጀማል የሚባል ቀልደኛ የባጃጅ ሾፌር አለ። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ አለኝ፦

«ጋሽ እንድሪስ፣ አይቀየሙኝ እንጂ የእርስዎ ፊደል የተጻፈበት ባጃጅ ነዳጅ ሞልተውትም የቆመ ይመስላል። የረውዳ ግን ቆሞም ይሄዳል!»

ሁሉም ሳቀ። ረውዳም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አየችኝና አፏን ያዘች። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። በልጁ የሚቀና አባት አለ ወይ? አለ። እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ቅናት ብዬ አልጠራሁትም፤ ሥርዓት ብዬ ጠራሁት። ዘመኑ ዘመመ፣ ፊደሉም ዘመመ እያልኩ ለሰው እመክር ነበር። ክፉ ሥራ ልሠራ ስል ሁልጊዜ መጀመሪያ እመክራለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ክረምቱ ሳይወጣ ከወልድያ ሰው መሸሽ ጀመረ፤ የሸሸው በእኛ በኩል ያልፋል። በእግሩም፣ በአይሱዙም፣ ፍራሽ ተሸክሞም። የመድፍ ድምፅ ሲቀርብ ባለቤቴና ልጆቹ ወደ ደሴ እንዲወጡ፣ እኔ ሱቁን ዘግቼ እንድከተል ተስማማን። ያኔ አገሩ ሁሉ ንብረቱን ይቀብር ነበር። እህሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሠርግ ልብሱን፤ ጓሮ ሁሉ ተቆፍሮ ነበር። ረውዳ የሥራዋን ሁሉ የምታስቀምጥባት መዳፍ የምታክል ሀርድ ዲስክ ነበረቻት። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ አታምነውም፤ ፊደሎቿ ያሉት እዚያች ላይ ብቻ ነው። ይዛት እንዳትሄድ በመንገዱ ፍተሻ በዝቷል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ መገኘት ያስጠረጥራል ተብሎ ሰው ስልኩን እንኳን ይደብቅ ነበር። መኪናው እየጠበቃት ዲስኳን በፌስታል ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«አባ፣ ከምትቀብረው ሁሉ በፊት ይችን። አማና።»

«አማና» አልኳት። ቃሌ ነው። በአፌ ብያታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከማንጎው ሥር ቆፈርኩ። መክደኛው ጥብቅ የሚል ትልቅ የቀለም ባልዲ ነበረኝ። ብሩሾቼን አስገባሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ከወፍራም ካርቶን የቆረጥኳቸውን፣ በላያቸው እየቀባሁ የምሠራባቸውን የፊደል ቅርጾቼን አስገባሁ። የእኔን ቀጥ ያሉትን። ባልዲው ሞላ። ዲስኳን የማስገባበት ቦታ ጠፋ።

ይህ ውሸት ነው። ለራሴ ለብዙ ጊዜ ስነግረው የኖርኩት ስለሆነ አሁንም ቀድሞ አመለጠኝ። ቦታ ነበረ። መዳፍ የምታክል ነገር መቼ ቦታ ታጣለች? አስገብቻት ነበር። ከካርቶኖቼ ላይ አስቀምጫት ነበር። ከዚያ አየኋት። ይህች ትንሽ ነገር የእኔን ዕድሜ ሁሉ ከሥሯ አድርጋ ከላይ ተቀምጣለች አልኩ በሆዴ። መልሼ አወጣኋት። ሱቅ ገባሁና ከመደርደሪያው ላይ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ አስቀመጥኳት። አላህ ካለ ትተርፋለች፣ ካላለ ትቅር አልኩ። የራሴን እጅ ሥራ የአላህ ፈቃድ አልኩት! ባልዲውን ቀበርኩ፣ አፈሩን ረገጥኩ፣ በሩን ቆለፍኩና እስከ ውርጌሳ በእግሬ ሄጄ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባሁ። ረውዳ ገና ከሩቅ ስታየኝ እየሮጠች መጣች።

«ቀበርካት?»

«ቀበርኳት።»

ደሴ ላይ ተፈናቃይ በሞላበት ትምህርት ቤት ነው ያረፍነው። እዚያ ልጄ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ጥፋቴን የሚያከብደው ይህ ነውና። ኮምፒውተር የለ፣ መብራት የለ፤ እሷ ከሰልና የካርቶን ቁራጭ አገኘች። ውኃው የት እንደሆነ፣ የታመመ ሰው የት እንደሚሄድ፣ የየትኛው ቀበሌ ሰው በየትኛው ክፍል እንዳለ በእጇ ጻፈች። በዚያው በሰያፍ ፊደሏ። እጇ ለምዶታል። የመንደራችን አሮጊት እማማ አሚናት ከሰዎቻቸው ተለይተው ከተማውን ሲዞሩ ሰንብተው ነበር። ማንበብ አይችሉም። በበሩ ሲያልፉ ካርቶኗን አይተው ቀጥ ብለው ገቡ።

«ይች ከወፍጮ ቤታችን በር ላይ ያለችው ዘንባላ ጽፈት አይደለች? የመርሳ ሰው እዚህ ነው ብዬ ገባሁ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ እንድሪስ፣ የአንተን ባገኝ ኖሮ ባንክ ነው ብዬ አልፌው እሄድ ነበር!»

ያን ቀን እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ልጄ አሮጊቷን አቅፋ ታለቅሳለች። የፊደሉ ጥቅም ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊደል ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ የሰው አረማመድ ከሩቅ እንደሚታወቀው ሁሉ ይህም ይታወቃል። ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርኳትም? ምናልባት ዲስኳ መደርደሪያው ላይ ትኖር ይሆናል ብዬ ነው። በየሶላቴ ዱዓ አደርግ ነበር፤ ያ ረቢ፣ ያችን መደርደሪያ ጠብቃት እያልኩ። ከጉድጓድ ያወጣኋትን ዕቃ አላህ እንዲጠብቅልኝ እለምናለሁ።

መንገዱ ሲከፈት እኔ ቀድሜ ተመለስኩ። የሱቁ በር ተነቅሏል። ኮምፒውተሩ የለም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የፈሰሰ ቀለም ወለሉ ላይ ደርቋል። ማን እንደዘረፈው አላውቅም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከማንጎው ሥር ያለው አፈር ሣር አብቅሎ እንደነበረ ነው። ማንም አልነካውም። አስገብቻት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር።

እዚያ ላይ ብቆምና እውነቱን ብናገር የመጀመሪያው ጥፋት ብቻ ይሆንብኝ ነበር። እኔ ግን አካፋ አነሳሁ። ባልዲውን አወጣሁ። ብሩሾቼንና ካርቶኖቼን፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የቆረጥኳቸውን ፊደሎች፣ እዚያው ጓሮ ላይ አቃጠልኳቸው። ባልዲውን በድንጋይ ሰብሬ ጣልኩት። ጉድጓዱን ክፍት ተውኩት፤ እንዲታይ። ዘራፊ አገኘው ለማለት የእኔም መጥፋት ነበረበት። ውሸቴ በእግሩ እንዲቆም ዕድሜዬን አነደድኩለት። ያን ሳደርግ አላመነታሁም። ይህንንም ጻፉልኝ።

ረውዳ ስትመጣ፣ የእኔንም የእሷንም ዘራፊ ቆፍሮ ወሰደው አልኳት፤ ጉድጓዱን አየች። ከጫፉ ላይ ቁጭ አለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ መጣችና እጄን ያዘችኝ።

«አብሽር አባ፣ አይዞህ። የእኔስ የጥቂት ዓመት ነው። የአንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው ነው።»

እሷ እኔን አጽናናች። እኔም ተጽናናሁ። ጎረቤት እየመጣ እንደ ለቅሶ ቤት አጠገባችን ተቀመጠ። አንዱ፣ «የቆፈረው እጅ አይባረክ» ሲል፣ ሁሉም «አሚን» አለ። እኔም አሚን አልኩ። በራሴ እጅ ላይ፣ ልጄ እንደያዘችው፣ አሚን አልኩ።

ዘራፊውን ነጻ ላወጣው አይደለም፤ ያለፈቃድ የሰው ቤት ገብቶ ወስዷል፣ የእሱን እሱ ይጠየቅበታል። የእኔ ጥፋት ግን ከእሱ ጥፋት ሥር ተደብቆ መኖሩ ነው። ያን ጊዜ ሰው የጎደለውን ሁሉ ጦርነቱ ወሰደው ይል ነበር፤ እውነትም ብዙ ወስዷል፣ ልጅ ያጡ አሉ። እኔ በዚያ ትልቅ ሐዘን ውስጥ የራሴን ትንሽ ክፋት ሸጉጬ አሳለፍኩ። ማን ይፈትሸዋል?

ልጄ ግን ቁጭ ብላ አልቀረችም። የተረፉት ታፔላዎች ላይ ፊደሌ አለ፤ ከእነሱ መልሼ እሰበስበዋለሁ አለች። አብሬያት ዞርኩ። መሰላሉን የምይዝላት እኔ ነኝ። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ፣ ከሐራ ወደ ወልድያ፤ እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ በሜትር እለካለሁ። ግማሹ ታፔላ ተበሳስቷል፣ ግማሹ ተገንጥሎ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል። ሐራ ገበያ ላይ ጀማልን ከነባጃጁ አገኘነው። ከኋላው ያለው ጽሑፍ ሙሉ ነበር። ልጄ ባጃጁን እንደ ዘመድ አቀፈችው። «እኔንስ? እኔም ተርፌያለሁ እኮ!» አላት ጀማል። እሷ ሳቀች፤ እኔ ሜትሩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ቁጥር የማነብ መሰልኩ።

ኮምፒውተር ተውሳ፣ ያላገኘችውን ፊደል ካገኘችው እያዛመደች ሳለችው። እኔም የማውቀውን አልሸሸግኋትም፤ ይህች እግር ትርዘም፣ ያች ትጠር እያልኩ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከልጄ ጋር እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም። ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ማር ውስጥ የወደቀ ዝንብ እያየ ማሩን እንደሚልስ ሰው ነበርኩ።

አሁን ፊደሉ አልቋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጠርታ አሳየችኝ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን ነው፤ አንዱ የእሷ ሰያፍ ነው። ሌላውን ጠጋ ብዬ አየሁት። የእኔ ነው። ቀጥ ያለው፣ እግሩ መሬት የረገጠው። ለካስ ታፔላ ፍለጋ ስንዞር የእኔንም አብራ ታነሳ ኖሯል።

«ሰያፍ ብቻውን አይሆንም አባ። መጽሐፍ ላይ ቀጥ ያለው ከሌለ የእኔ ማዘንበሉም አይታወቅም። የእኔን ከአንተ ጋር እንዲመጣጠን አድርጌ ነው የሠራሁት። ሁለቱን በአንድ ስም ላወጣቸው ነው። በአንተ ስም። 'እንድሪስ' ልላቸው ነው። አማናዬን ብለህ ቆፍረህ፣ የአንተንም አብረህ ያጣኸው አንተ ነህ።»

የአሱር ሶላት ደረሰ ብዬ ወጣሁ። አሱር አልደረሰም ነበር።

ልተወው እችላለሁ። ስሜ በየመጽሐፉ፣ በየታፔላው ይቀመጣል፤ ልጄም አባቴ ታማኝ ነበር እያለች ታረጃለች። ማንም አይጎዳም የሚል ሐሳብ ሌሊቱን መጥቶብኛል። ግን የእሷ ሥራ ነው። ልጄ ለፍታ ባገኘችው ነገር ላይ ሐሰት ልትጽፍ ነው፤ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ፊደሏን ወስጄባታለሁ። አሁን ዝም ብል ሁለተኛ እወስድባታለሁ።

ለእናንተ ይህን ለሰማችሁ አንድ ልመና አለኝ። በእኛ አገር አባትና ልጅ ሲቀያየሙ ሽማግሌ ይገባል። እኔ ራሴ ስንት ቤት ገብቻለሁ። «አባትሽ ነው፤ ምንም ቢያደርግ አባት ነው፣ በይ አፉ በይው» እንላለን፤ ልጅቱም በሰው ፊት አንገቷን ደፍታ አፉ ትላለች። ከልቧ ይሁን አይሁን ጠይቀን አናውቅም። በእኔ ጉዳይ እንዲህ አታድርጉ። አስታርቁን ብዬ ብመጣም አትስሙኝ። ጦርነት ነበረ፣ ጭንቅ ነበረ፣ ሰው ይሳሳታል አትበሉልኝ። ያን ጠዋት ጭንቅ አልነበረብኝም፤ ቅናት ነው የነበረብኝ። ልጄ ብትቆጣ ትቆጣ። መሰላል የሚይዝላት ሌላ ሰው ብትፈልግ ትፈልግ። አፉ ካለችኝ በራሷ ጊዜ፣ ሰው በሌለበት፣ ከልቧ ይሁን። ካላለችኝ ሐቋ ነው፤ ተሸክሜው እሞታለሁ።

ከውስጥ «አባ!» እያለች ትጠራኛለች። የፊደሉ ስም የሚጻፍበት ቦታ ገና ባዶ ነው። ባዶ እንዳለ ልድረስባት።